ለእንጨት ቤት አጽም ሥራ የኤሌክትሪክ መጋዝ አመራረጥ

ቤቱን በገዛ እጁ ከእንጨት ለመሥራት የተነሣ ሰው መጋዝ ሊገዛ ሲሄድ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሞተሩ ዋት ላይ ነው። ዋት ስለ መጋዙ የሚናገረው ግን ጥቂቱን ነው። መጋዝ ለምሰሶና ለአግዳሚ ሥራ መሆን አለመሆኑን በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ዲስኩ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚገባ፣ ሁለተኛው የቆረጠው ፊት በስኳድራ (በባለ 90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ሲለካ ምን ያህል ቀጥ ብሎ እንደሚገኝ። ጉልበቱ የበዛ ሆኖ ሰሌዳው፣ ማለትም በእንጨቱ ላይ የሚያርፈው ጠፍጣፋ መቀመጫው፣ የሚወላገድ መጋዝ ለመገጣጠሚያ የሚሆን ንጹሕ ፊት አያወጣም፤ መጠነኛ ሞተር ያለው፣ ሰሌዳው ጠንካራና ጥልቀቱ በቂ የሆነ መጋዝ ግን በታጋሽ ሰው እጅ ሙሉ የቤት አጽም ይሠራል።

ከግዢው በፊት የእንጨቱ ዝርዝር

መጋዝ ከመመረጡ በፊት የሚቆረጠው እንጨት መታወቅ አለበት። የቤቱን ፕላን ይዘው የእያንዳንዱን እንጨት ውፍረትና ስፋት፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆረጥና በምን ማዕዘን እንደሚቆረጥ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ይህ ሥራ ጊዜ የሚወስድ ቢመስልም፣ ሻጩ የሚያቀርብልዎትን መሣሪያ ሁሉ የሚመዝኑበት መለኪያ ከዚህ ወረቀት ሌላ የለም።

ዝርዝሩ ሲወጣ ሥራው ከሁለት ዓይነት በአንዱ ውስጥ እንደሚወድቅ ይታያል። የመጀመሪያው ዓይነት ከ38 እስከ 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ብዙ ቀጫጭን እንጨቶች በምስማር እየተያያዙ ግድግዳና ወለል የሚሆኑበት ቀላል አጽም ነው። በዚህ ሥራ ቁርጡ በመቶዎች ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ግን አጭርና ቀላል ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከ150 እስከ 250 ሚሊሜትር ጎን ያላቸው ወፍራም ምሰሶዎችና አግዳሚዎች የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ እየገባ፣ በእንጨት ችካል እየተጠበቀ የሚቆምበት ከባድ አጽም ነው። እዚህ ቁርጡ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቁርጥ ጥልቅ ነው፣ ሁለት ሚሊሜትር ቢስት ደግሞ መገጣጠሚያው ክፍተት ይኖረዋል። ብዙ የግል ግንባታዎች ሁለቱን ያቀላቅላሉ፤ ለምሳሌ ዋናው አጽም ከባድ ሆኖ የውስጥ ግድግዳው ቀላል ይሆናል። በእኔ አመለካከት እንዲህ ያለው ድብልቅ ሥራ ሁለት መጋዝ ይፈልጋል፤ ሁለቱንም በእኩል የሚሠራ አንድ መጋዝ መፈለግ ለአንዱ ሥራ ከባድ፣ ለሌላው አጭር የሆነ መሣሪያ ይዞ መቅረትን ያመጣል።

ጥልቀት

በእጅ የሚያዝ ክብ መጋዝ የዲስኩን ሙሉ ስፋት አይቆርጥም። የዲስኩ መሐል በሞተሩ ዘንግና በማሰሪያው ስለሚያዝ፣ ከሰሌዳው በታች ወጥቶ እንጨት ውስጥ የሚገባው ከዲስኩ ዲያሜትር ሲሶ ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው። 165 ሚሊሜትር ዲስክ ያለው መጋዝ 55 ሚሊሜትር ገደማ ይገባል፤ በየሱቁ በብዛት የሚገኘው የ184 ወይም የ190 ሚሊሜትር መጋዝ ከ60 እስከ 67 ሚሊሜትር ይገባል፤ 235 ሚሊሜትር ዲስክ ያለው 85 ሚሊሜትር አካባቢ፣ 270 ሚሊሜትር ያለው ደግሞ ወደ 100 ሚሊሜትር ይደርሳል። ለወፍራም እንጨት ተብለው የሚሠሩ፣ ዲስካቸው 415 ሚሊሜትር የሆነ መጋዞችም አሉ፤ እነዚህ ከ150 ሚሊሜትር በላይ በአንድ ጊዜ ይቆርጣሉ፤ ክብደታቸው ግን 14 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ጠንካራ ክንድና የጸና አቋም ይጠይቃሉ።

እንጨቱን በአንድ ጊዜ ማለፍ ግዴታ አይደለም። 150 ሚሊሜትር ጎን ያለው ምሰሶ በ190 ሚሊሜትር መጋዝ ከላይና ከታች ሲቆረጥ 65 እና 65 ተደምሮ 130 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በመሐል የሚቀረው 20 ሚሊሜትር በእጅ መጋዝ በቀላሉ ያልቃል። አራቱንም ፊት በስኳድራ ዞሮ ማስመርና ከአራቱም በኩል መቁረጥ ደግሞ የእጅ መጋዙን የሚመራ ቦይ በዙሪያው ይተዋል። ምሰሶው 200 ሚሊሜትር ከሆነ በዚያው መጋዝ መሐል ላይ 70 ሚሊሜትር በ70 ሚሊሜትር የሆነ እምብርት ይቀራል። ይህም በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፤ ቁርጡ ስድሳና ሰባ ሲሆን ግን ድካሙ ይሰማል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ጥልቀት አለ፤ እርሱም የምላሱ ትከሻ ጥልቀት ነው። 200 በ200 ሚሊሜትር በሆነ ምሰሶ ጫፍ ላይ 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ምላስ በመሐል ቢቀረጽ፣ ከእያንዳንዱ በኩል መነሣት ያለበት እንጨት 75 ሚሊሜትር ነው። የ190 ሚሊሜትር መጋዝ እዚህ ላይ አይደርስም፤ የ235 ሚሊሜትሩ ግን ይደርሳል፣ ትርፍም አለው። ምሰሶው 150 ሚሊሜትር፣ ምላሱ 40 ሚሊሜትር ቢሆን ግን የትከሻው ጥልቀት 55 ሚሊሜትር ብቻ ነውና ትንሹ መጋዝ ይበቃል። ስለዚህ በዝርዝርዎ ላይ ከእንጨቱ ውፍረት አጠገብ የትከሻውን ጥልቀት ይጻፉ፤ ከባድ አጽም ለሚሠራ ሰው የመጋዙን መጠን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ይህ ቁጥር ነው። ትከሻው ከተቆረጠ በኋላ በጎን ያለው ትርፍ እንጨት የሚነሣው በየ15 ወይም በየ20 ሚሊሜትሩ ትይዩ ቦዮችን ቆርጦ፣ በመካከላቸው የቀሩትን ስንጣሪዎች በመዶሻና በመሮ በማውጣት፣ በመጨረሻም ፊቱን በሰፊ መሮ ወይም በመላጊያ በማስተካከል ነው። የመጋዙ የጥልቀት መቆለፊያ አስተማማኝ መሆን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በንዝረት የሚላላ መቆለፊያ ያለው መጋዝ ምላሱን ያሳንሰዋል፣ ያነሰ ምላስ ደግሞ አይመለስም።

የጣሪያ ሥራ ሌላ ስሌት ያመጣል። ዲስኩ ወደ 45 ዲግሪ ሲጋደል የሚገባበት ጥልቀት ይቀንሳል፤ የ190 ሚሊሜትሩ መጋዝ ከ65 ወደ 45 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል። 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጣሪያ ወራጅ ከማዕዘን ወራጅ ጋር በ45 ዲግሪ እንዲገጥም መቁረጥ ቢያስፈልግ፣ ያ መጋዝ በአንድ ጊዜ አያልፈውም። ጣሪያው አራት ተዳፋት ያለው ከሆነና እንዲህ ያሉ ቁርጦች ከበዙ፣ ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ የ235 ሚሊሜትር መጋዝ መምረጥ ትክክል ነው። ከ45 አልፎ እስከ 50 ወይም እስከ 60 ዲግሪ የሚጋደል ሰሌዳም ለጣሪያ ሥራ በእጅጉ ይረዳል።

የሰሌዳው ቀጥተኝነት

መጋዙ በአንድ ዲግሪ ቢዛነፍ በ65 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስሕተት ይፈጥራል። በ100 ሚሊሜትር ላይ ስሕተቱ 1.7 ሚሊሜትር ይሆናል። ከላይና ከታች ተቆርጦ በመሐል በሚገናኝ ቁርጥ ላይ ደግሞ ሁለቱ ስሕተቶች ተደምረው ደረጃ የመሰለ ጉብታ ይተዋሉ። ጥልቀቱ የበዛ መጋዝ የበለጠ ቀጥተኛ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ርካሽ በሆነ ትልቅ መጋዝ ከመሥራት ይልቅ ጥሩ በሆነ መካከለኛ መጋዝ ሁለት ጊዜ መቁረጥን የምመርጠውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሰሌዳው ከምን እንደተሠራ ይመልከቱ። ከቀጭን ብረት ተጨፍልቆ የተሠራ ሰሌዳ መጋዙ አንድ ጊዜ ከከፍታ ቢወድቅ ይጣመማል፤ ከወፍራም አሉሚኒየም ወይም ከማግኒዥየም የተቀረጸው ይበልጥ ግትር ሆኖ ይቆያል፣ ክፉኛ ከወደቀ ግን ይሰነጠቃል። ስንጥቅ ቢያንስ በዓይን ይታያል፤ ጥመት ግን ሳይታወቅ ብዙ እንጨት ሊያበላሽ ይችላል። መጋዙን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ወይም ባትሪውን አውጥተው፣ ሰሌዳውን በዜሮ ዲግሪ ቆልፈው፣ በሰሌዳውና በዲስኩ መካከል ስኳድራ ያስገቡ፤ ስኳድራው የሚነካው የዲስኩን አካል እንጂ ጥርሱን መሆን የለበትም። ከዚያ በዲስኩ ፊትና ኋላ ጥርስ እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ዲስኩ ከጠርዙ ጋር ትይዩ አይደለም፣ መጋዙም በቀጥታ መሪ ላይ ሲገፋ ዲስኩ ይጨናነቃል፣ እንጨቱንም ያቃጥላል። ይህን ማስተካከያ ብሎን ያለው መጋዝ ከሌለው ይመረጣል።

በሥራ ላይ የሚደረገው ፈተና ከዚህ ይበልጥ ያጋልጣል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ጣውላ በጠባብ ጎኑ አቁመው መሐሉን ይቁረጡ፤ ከዚያ አንደኛውን ቁራጭ ገልብጠው የተቆረጡትን ሁለት ፊቶች በጠፍጣፋ ነገር ላይ ያገናኙ። መጋዙ ቀጥ ካለ ፊቶቹ ይከደናሉ፤ ከተዛነፈ በመካከላቸው የሚታየው ክፍተት የስሕተቱ ሁለት እጥፍ ነውና ትንሿ መዛነፍ እንኳ አትደበቅም።

ሞተሩና ማርሹ

በእጅ የሚያዙ ክብ መጋዞች በማርሽ አቀማመጣቸው በሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው ሞተሩ ከዲስኩ ጎን ተጋድሞ ኃይሉን በቀላል ማርሽ ያስተላልፋል፤ ይህ ቀላልና አጭር ነው፣ በደቂቃ ከ5000 እስከ 5800 ዙር ገደማ ይሽከረከራል። በሌላው ሞተሩ ከዲስኩ ኋላ በረጅሙ ተቀምጦ በጥምዝምዝ ማርሽ ያሽከረክራል፤ ይህኛው ረዘምና ከበድ ይላል፣ ፍጥነቱም በጥቂቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እርጥብና ወፍራም እንጨት ሲገጥመው በቀላሉ አይቆምም። ስኪል የተባለው ኩባንያ በ1937 ያወጣው ሞዴል 77 በዚህ ሁለተኛው አሠራር የታወቀ ነው፤ አሠራሩም እስካሁን በአናጢዎች እጅ አለ። ረጅሙ መጋዝ ከትከሻ ራቅ ብሎ ስለሚደርስ በተጋደመ ሰፊ እንጨት ላይ ለመሥራት ይመቻል፤ ከራስ በላይ ወይም በመሰላል ላይ ለሚደረግ ሥራ ግን ክብደቱ ያስቸግራል።

ዲስኩ በየትኛው ጎን እንዳለም ይጠይቁ። ለቀኝ እጅ ተጠቃሚ ዲስኩ በግራ ሲሆን የተሰመረውን መስመር ለማየት ይቀላል። በቀኝ ሲሆን ደግሞ የሞተሩና የሰሌዳው ሰፊ ክፍል በግራ ባለው፣ በተደገፈው እንጨት ላይ ያርፋል፤ በቀኝ ያለው ቁራጭም ተቆርጦ ሲወድቅ መጋዙ አይናጋም። ሁለቱም ይሠራሉ፤ በሱቁ ውስጥ መጋዙን በእጅዎ ይዘው በምናብ አንድ መስመር ቢከተሉበት የሚስማማዎትን ያውቃሉ።

ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል

ለከባድ አጽም ሥራ ገመድ ያለው መጋዝ አሁንም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ምክንያቱም በስሌት ይታያል። 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው ኃይል 90 ዋት ሰዓት ነው። ወፍራም እርጥብ እንጨት እየሰነጠቀ 1500 ዋት የሚስብ መጋዝ ይህን በአራት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። በአንጻሩ ቀጫጭን እንጨቶችን በአጭር በአጭሩ ለሚቆርጥ ሰው አንድ ባትሪ ብዙ ቁርጥ ያስቆጥራል፤ በጣሪያ ላይና በመሰላል አጠገብ ገመድ አለመኖሩም ትልቅ ደኅንነት ነው። በባትሪ ብቻ መሥራት ግድ ከሆነ ባለ 36 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ሞተሩም የካርቦን ብሩሽ (ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርስ፣ እየተበላ የሚያልቅ ቁራጭ) የሌለውን ይምረጡ፤ ባትሪ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጥንድ ይያዙ።

ገመድ ከተመረጠ የማራዘሚያው ውፍረት የመጋዙ አካል ነው ብለው ያስቡ። 50 ሜትር ርዝመትና 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ከ1.1 ኦም በላይ ተቃውሞ አለው፤ መጋዙ 8 አምፔር ሲስብ 9 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል፣ በመነሻው ላይ ደግሞ ከዚህም በላይ። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ጥፋቱ ወደ 5.6 ቮልት ይወርዳል። ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ማራዘሚያው በመጠቅለያው ላይ ተጠምጥሞ እያለ መሥራት ገመዱን እስከ መቅለጥ ሊያደርሰው ስለሚችል ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዘርጉት። በጄኔሬተር የሚሠሩ ከሆነ መጋዝ ሲነሣ ለአፍታ ከተለመደው ፍጆታው ሁለትና ሦስት እጥፍ እንደሚስብ ያስቡ፤ በዝግታ የሚነሣ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ያለው መጋዝ እዚህ ላይ ዋጋው ይታወቃል።

ዲስክ

ከመጋዙ ጋር በካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዲስክ ብዙ ጊዜ ለጠቅላላ ሥራ የሚሆን እንጂ ለእርስዎ እንጨት የተመረጠ አይደለም። ሁለት ጉዳይ አለ፤ የጥርሱ ብዛትና የጥርሱ ቅርጽ። በአንድ ዲስክ ላይ ጥርስ ሲበዛ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጉድጓድ ይጠብባል፤ ያ ጉድጓድ ደግሞ ሰጋቱራውን ተሸክሞ የሚያወጣ ነው። እርጥብ እንጨት ረጅምና ውኃ ያዘለ ሰጋቱራ ስለሚያወጣ ጠባቡ ጉድጓድ ይሞላል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ሞተሩ ያቃስታል። ስለዚህ ለ190 ሚሊሜትር መጋዝ ለአጽም ሥራ 24 ጥርስ ያለው ዲስክ ዋናው ይሁን፤ እንጨቱን በቁመቱ ለመሰንጠቅ 18 ጥርስ ያለው ይሻላል፤ ለሚታይ ፊትና ለኮምፔንሳቶ ደግሞ 40 ጥርስ ያለው ይቀመጥ። እንጨትን በአግድም ለመቁረጥ ጫፋቸው በየተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጥርሶች ጭረቱን በንጹሕ ይቆርጣሉ፤ ለመሰንጠቅ ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ይመረጣሉ።

ዲስክ ሲገዙ በላዩ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ፍጥነት ከመጋዙ ፍጥነት የሚበልጥ መሆኑን፣ የመሐሉ ቀዳዳም ከዘንጉ ጋር በትክክል የሚገጥም መሆኑን ያረጋግጡ። 190 ሚሊሜትር ዲስክ በደቂቃ 5500 ጊዜ ሲሽከረከር ጥርሱ በሰከንድ 55 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በዚህ ፍጥነት የማይገጥም ዲስክ ማስገባት ለሕይወት ያሰጋል። ብዙ ሰው ደግሞ ከእንጨቱ የወጣ ሙጫ የለበሰውን ዲስክ ደነዘ ብሎ ይጥለዋል። ሙጫው ዲስኩን እያሻሸ ያግለዋል፣ ቁርጡንም ያከብደዋል፤ በሙጫ ማስለቀቂያ ታጥቦ ሲደርቅ ስለቱ እንደነበረ ይገኛል።

ሌሎቹ መጋዞች

የሰንሰለት መጋዝ ለወፍራም እንጨት ጥልቀቱ አያንስም፤ 40 ሴንቲሜትር ሰይፍ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ያለው ማንኛውንም የቤት ምሰሶ በአንድ ጊዜ ያልፋል። ነገር ግን የሚበላው ቦይ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ሰፊ ነው፣ ፊቱ ሸካራ ነው፣ የሚመራው ሰሌዳ ከሌለውም ቀጥተኛነቱ በእጅ ላይ ብቻ የቆመ ነው። ስለዚህ ግንድን በርዝመት ለመቁረጥና ከትከሻው ውጪ ያለውን ትርፍ ለማስወገድ ይጠቀሙበት፤ ትከሻውን ራሱን ግን ለክብ መጋዙ ይተዉ። ግንድ ሰንጥቀው አግዳሚ ሊያወጡ ካሰቡ የተለመደው 30 ዲግሪ ስለት ያለው ሰንሰለት ለዚህ አይሆንም፤ ስለቱ ወደ 10 ዲግሪ የተሳለ የመሰንጠቂያ ሰንሰለት አለ። ኤሌክትሪኩ ከቤንዚኑ ይልቅ ጭሱ ስለሌለና ድምፁ ስላነሰ በጣሪያ በተሸፈነ ቦታ ለመሥራት ይመረጣል። በሰሌዳ ላይ ተቀምጦ በማዕዘን የሚቆለፍ፣ ለአናጢ ተብሎ የተሠራ የሰንሰለት መጋዝም አለ፤ ይህ እጅግ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ግን መከራየት እንጂ መግዛት አይመከርም።

በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች የሚወርድና ወደፊት የሚንሸራተት መጋዝ ለቀላል አጽም ጊዜን በእጅጉ ይቆጥባል፤ መቶ ተመሳሳይ እንጨቶችን በአንድ ልክ መቁረጥ ሲያስፈልግ በጎኑ ማቆሚያ አስሮ መሥራት ይቻላልና። ለከባድ አጽም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አምስት ሜትር ርዝመት ያለውን ከባድ ምሰሶ ወደ መጋዝ ከመውሰድ መጋዙን ወደ ምሰሶው መውሰድ ይቀላል። በሐዲድ ላይ የሚሄደው መጋዝ ለትልልቅ የኮምፔንሳቶ ሉሖች የተዋጣለት ነው። የጠረጴዛ መጋዝ የሚያስፈልገው የወለል ጣውላ፣ የበርና የመስኮት ክፈፍ ለመሰንጠቅ ስለሆነ እስከ ግንባታው ማለቂያ ድረስ ይዘግያል። ጂግሶ (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚቆርጥ የእጅ መጋዝ) በወፍራም እንጨት ውስጥ ምላጩ ስለሚታጠፍ የላዩና የታቹ መስመር አይገናኝም፤ ለቀጭን ነገር ብቻ ይያዝ። ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ የሚቆርጠው መጋዝ ለማፍረስና ምስማር ያለበትን እንጨት ለመቁረጥ ይጠቅማል፤ መገጣጠሚያ አይሠራም።

ደኅንነት እንደ መምረጫ

ክብ መጋዝ ከሚያደርሳቸው አደጋዎች ከፍተኛው ወደኋላ መፈናጠሩ ነው። የሚፈናጠረው ዲስኩ በእንጨቱ ሲጨመቅ ነው፤ የተቆረጠው ቦይ በእንጨቱ ክብደት ወይም በውስጡ ባለው ውጥረት ሲዘጋ ዲስኩን ይይዘዋል፣ የሚሽከረከረው ኃይልም መጋዙን ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። እርጥብ እንጨት ላይ ይህ ይበልጥ ይደርሳል። ከዲስኩ ኋላ ቆሞ ቦዩ እንዳይዘጋ የሚከላከል መለያ ብረት ያለው መጋዝ ስለዚህ ይመረጣል፤ የብረቱ ውፍረት ከዲስኩ አካል የሚበልጥ፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ቦይ የሚያንስ መሆን አለበትና ዲስክ ሲቀይሩ ሁለቱን ያመሳክሩ። ማብሪያው ሲለቀቅ ዲስኩን በፍጥነት የሚያቆም ፍሬን ያለው መጋዝም ተጨማሪ ዋጋው ይገባዋል። የታችኛው መከለያ በሱቁ ውስጥ በእጅ ተከፍቶ ሲለቀቅ ያለ አንዳች መንተፋተፍ ተመልሶ መዘጋት አለበት፤ ይህን መከለያ በሽቦ አስሮ ክፍት መተው በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ቢሆንም ማንም ሊያደርገው አይገባም።

እንጨቱ ሲቆረጥ የሚወድቀው ጫፍ በነጻነት እንዲወድቅ፣ የሚቀረው ደግሞ በሁለት ቦታ ተደግፎ እንዲቆም ያድርጉ፤ ሁለቱም ጫፍ ተደግፎ መሐሉ ከተቆረጠ ቦዩ መዘጋቱ የማይቀር ነው። ሙሉ በሙሉ ለሚያልፍ ቁርጥ ዲስኩ ከእንጨቱ በታች ከአንድ ጥርስ ርዝመት በላይ አይውጣ። የእነዚህ መጋዞች ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ጆሮ የሚፈቀደው መጠን ደግሞ 85 ነው። የእንጨት ብናኝም በ1995 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር አምጪ ከተባሉት ነገሮች በመጀመሪያው ምድብ ገብቷል። የጆሮ መከላከያ፣ መነጽርና የብናኝ ጭምብል በዚያው ቀን፣ ከመጋዙ ጋር አብረው ይገዙ።

የግዢው ቅደም ተከተል

ገንዘቡ የተወሰነ ከሆነ በመጀመሪያ ጥሩ ሰሌዳ ያለው የ190 ሚሊሜትር መጋዝ፣ ሦስት ዓይነት ዲስክ፣ ትክክለኛ ስኳድራና ስለታም የእጅ መጋዝ ይያዙ። በእነዚህ ቀላሉ አጽም ሙሉ በሙሉ፣ የከባዱም ቁርጥ ብዙው ይሠራል። የትከሻው ጥልቀት ከ65 ሚሊሜትር ካለፈ የ235 ወይም የ270 ሚሊሜትሩ ይጨመር። ትልቁን የ415 ሚሊሜትር መጋዝ የሚፈልጉት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከሆነ፣ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ አስቀድመው አስምረው ይጨርሱና ለቁርጡ ጊዜ ብቻ ይከራዩት።

ያገለገለ መጋዝ ለመግዛት ካሰቡ ሻጩ ፊት ሶኬቱ ላይ ይሰኩትና ያለ እንጨት ያሽከርክሩት። በማርሹ ውስጥ የሚንገጫገጭ ድምፅ ካለ፣ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል የሚታየው የእሳት ብልጭታ ዙሪያውን የሚዞር ቀለበት ከሠራ ይተዉት፤ በካርቦን ብሩሹ አጠገብ የምትታይ ጥቂት ብልጭታ ግን የተለመደች ናት። ከዚያ ነቅለው ዲስኩን በእጅዎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቅንቁት፤ ዘንጉ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። ብሩሽ፣ ኩሽኔታና ማብሪያ በአካባቢዎ የሚገኙለት ሞዴል መሆኑን ሳያረጋግጡም ገንዘብ አይክፈሉ።